የጥፍር ፈንገስን ሳያክሙ መተው ምን ያስከትላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጥያቄ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

የጥፍር ፈንገስ ምንድን ነው?

ጥፍር የሚበላ ሻጋታ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ጥፍር፣ ፀጉርና የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ዴርማቶፋይት የሚባሉት ፈንገሶች ምግባቸው ይኸው ኬራቲን ነው። ከነሱ ውስጥ ጥፍር ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም ይባላል። አልፎ አልፎ ካንዲዳ የሚባለው የእርሾ ዘመድም ጥፍር ውስጥ ይገባል፤ እሱ በተለይ እጃቸው ከውሃ የማይወጣ ሰዎችን የእጅ ጥፍር ይወዳል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ግን የእግር ጥፍር ነው፤ ከሁሉም በላይ አውራ ጣት። ጫማ ውስጥ ሙቀት፣ ላብና ጨለማ አለ። የእግር ጥፍር ደግሞ በወር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ ፈንገሱ ተረጋግቶ ለመቀመጥ ጊዜ ያገኛል። በዓለም ላይ ከ10 ሰው አንዱ ግድም ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። ከ70 ዓመት በላይ ሲሆን ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ ካልሲዎን ሰው ፊት ለማውለቅ የሚያፍሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

በምን አውቀዋለሁ?

መጀመሪያ ከጥፍሩ ጫፍ ወይም ከጎኑ ትንሽ ነጭ ወይም ቢጫ ነጥብ ትታያለች። አብዛኛው ሰው ልብ አይላትም። እኔ ራሴ የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር "ጫማ መትቶት ነው" እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል ይዤው ኖሬያለሁ። ወራት ሲያልፉ ቢጫው ወደ ሥሩ ይገፋል። ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ሲቆርጡት እንደ ደረቅ ኖራ ይፈረፈራል። ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር ይከማቻል፤ አንዳንዴም ይሸታል። በመጨረሻ ጥፍሩ ከሥጋው ይላቀቃል።

ግን የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ በሽታ)፣ ጠባብ ጫማ፣ ተደጋጋሚ ምት፣ ሌሎች የቆዳ በሽታዎችም ጥፍርን ቁርጥ እንደዚሁ ያደርጉታል። ከተበላሹ ጥፍሮች ውስጥ የፈንገስ ሆነው የሚገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ካልነካሁት በራሱ አይጠፋም?

አይጠፋም። ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ሰውነታችን በሳምንት ያባርረው ነበር። ጥፍር ግን የሞተ ነገር ነው፤ ውስጡ ደም አይዘዋወርም። በሽታ የሚከላከሉት ሴሎቻችን ደግሞ የሚጓዙት በደም ነው። ፈንገሱ የተቀመጠው እነሱ የማይደርሱበት ቦታ ነው።

አንዳንድ ሰው "የኔ አምስት ዓመት ሆነው፣ ምንም አልሆንኩም" ይላል። ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ቆሞ ግን አይጠብቅም።

ዝም ብዬ ብተወው መጨረሻው ምንድን ነው?

ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው መጨረሻው ወፍራም፣ አስቀያሚና የሚያስቸግር ጥፍር ነው። በዚህ ላይ ማስፈራራት አልወድም። ነገር ግን "መልክ ብቻ ነው" የሚለውም ትክክል አይደለም። ጥፍሩ ሲወፍር ጫማ ይጫነዋል። የተጫነው ጥፍር በበኩሉ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫናል። ረጅም መንገድ መሄድ ያማል። ጥፍሩ ጠምዘዝ ብሎ ጠርዙ ወደ ጎን ሥጋ ሊገባም ይችላል፤ ያኔ ጣቱ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። በሽታው ለዓመታት ከቆየ ደግሞ ጥፍር የሚበቅልበት ሥር ራሱ ይጎዳል። ያኔ ፈንገሱ ቢገደል እንኳ ጥፍሩ እንደ ድሮው ላይበቅል ይችላል።

ሁለተኛው ችግር በር መከፈቱ ነው። ፈንገስ ያለበት እግር ብዙውን ጊዜ በጣቶቹ መሃል ነጭ ሆኖ የራሰና የተሰነጠቀ ቆዳ አለው። ቆዳ ማለት አጥር ነው። በተሰነጠቀው በኩል ባክቴሪያ ይገባና ሴሉላይተስ የሚባለውን የቆዳ ኢንፌክሽን ያመጣል። እግር ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትም ሊከተል ይችላል። ይህ ሲታይ "ነገ አየዋለሁ" አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይኬዳል። እስኪደርሱ ድረስ የቀላውን ቦታ ዳር ዳሩን በእስክርቢቶ ያስምሩበት። ቅላቱ መስመሩን ካለፈ እየተስፋፋ ነው ማለት ነው፤ ሐኪሙም በአንድ እይታ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ነገር ሰዎች ራሳቸው የሚያደርሱት ጉዳት ነው። ወፍራም ጥፍር በተራ መቁረጫ አይቆረጥም። ስለዚህ ሰው ምላጭ ያነሳል። እግሩን በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ጎንበስ ይላል፣ ጥፍሩ ዳር ላይ ምላጩን ያስገባል። ምላጩ ይንሸራተታል። ደሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ጫማውን ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ጣቱ ቀይ ነው። እንደኔ እንደኔ ከፈንገሱ ይልቅ ምላጩ ሊፈራ ይገባል።

ካላመመኝ ለምን እጨነቃለሁ?

መጨነቅ አያስፈልግም፤ መከታተል ግን ያስፈልጋል። በጊዜ የተያዘ ፈንገስ ሕክምናው ያጥራል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ካለ የሚቀባ መድኃኒት ሊበቃው ይችላል። ሥሩ ድረስ ከዘለቀ ግን ብዙውን ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ግድ ይሆናል። ማዘግየት ሕክምናውን ያከብደዋል።

ሌላም አለ። አለማመሙ ራሱ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። የእግር ስሜቱ የደነዘዘ ሰውም "አያመኝም" ይላል።

ወደ ሌላ ጥፍር፣ ወደ ሰውነቴ ወይም ወደ ቤተሰቤ ይተላለፋል?

ይተላለፋል። መጀመሪያ ከጣት ወደ ጣት፣ ከዚያ ወደ እግር መዳፍና በጣቶች መሃል። ትንሽ የሚገርመው ብሽሽት ላይ የሚወጣው ነው። ብዙ ወንዶች በብሽሽታቸው የሚመላለስ ጭርት ያስቸግራቸዋል፤ ቅባት ይቀባሉ፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ምንጩ ብዙ ጊዜ እግር ላይ ያለው ፈንገስ ነው። የውስጥ ሱሪ ሲለብሱ እግር በሱሪው ውስጥ ያልፋል፤ ፈንገሱንም ይዞ ይወጣል። ካልሲን ከውስጥ ሱሪ ቀድሞ ማድረግ ይህን ይቀንሰዋል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

ለቤተሰብ የሚተላለፈው በጋራ የጥፍር መቁረጫ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሻወር ወለል ነው። እጅ በመጨባበጥ ወይም አንድ ሶፋ ላይ በመቀመጥ አይደለም፤ ሰውን ማግለል አያስፈልግም። የራስ መቁረጫ፣ የራስ ፎጣ፣ በሻወር ውስጥ ነጠላ ጫማ። እነዚህ ይበቃሉ።

ስኳር አለብኝ። ለኔ ልዩነት አለው?

ትልቅ ልዩነት አለው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ውስጥ ዛሬውኑ ቀጠሮ መያዝ ያለበት ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት። ስኳር ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ የጥፍር ፈንገስም አለባቸው። ስኳር ሲቆይ የእግር ነርቭን ያደነዝዛል፤ ወደ እግር የሚወርደውን ደምም ያሳንሳል። በደነዘዘ እግር ላይ ወፍራም ጥፍር ሲጫን ሰውየው አይሰማውም። ከጥፍሩ ሥር ቁስል ይፈጠራል፤ ጥፍሩ ስለሸፈነው አይታይም። ደም በደንብ ስለማይደርሰው አይድንም። ባክቴሪያ ይገባበታል፤ ከቆዳ ወደ ውስጥ፣ አንዳንዴም አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጣት ወይም እግር እስከ መቆረጥ የሚደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

ልብ ይበሉ፣ ፈንገሱ እግር አያስቆርጥም። የሚያስቆርጠው ሳይታይ የቆየው ቁስል ነው። ፈንገሱ የሚያደርገው ቁስሉ እንዲፈጠርና እንዲደበቅ መርዳት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ማታ እግርዎን ይዩ፤ የጥፍሩን ዳር፣ በጣቶች መሃል ያለውን፣ መዳፉን። ጎንበስ ማለት ካልቻሉ መስታወት ወለል ላይ አስቀምጠው እግርዎን ከላዩ ይያዙ። ጫማ ከማድረግዎ በፊት እጅዎን አስገብተው ይዳስሱ፤ ጠጠር ቢኖር እግርዎ ላይነግርዎት ይችላል። እግርዎን በሙቅ ውሃ አይዘፍዝፉ። ወፍራም ጥፍርዎን ራስዎ አይቁረጡ፤ ለባለሙያ ይተዉት። ከጥፍሩ ሥር ጥቁር፣ እርጥብ ወይም የሚሸት ነገር ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ከስኳር ሌላ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

የእግር ደም ሥሩ የጠበበ ሰው፣ እግሩ ሁልጊዜ የሚያብጥ ሰው፣ ቀድሞ ሴሉላይተስ ይዞት የሚያውቅ ሰው። የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመም እንዲሁ፦ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚውጡ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ።

አንድ የተለየ ምልክት አለ። ፈንገስ ብዙውን ጊዜ ከጥፍሩ ጫፍ ነው የሚጀምረው። ከሥሩ፣ ማለትም ከቆዳው በኩል ነጭ ሆኖ ከጀመረ ግን መከላከያው የተዳከመ ሰውነት ላይ የሚታይ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ጥፍር ያየ ሐኪም የኤች አይ ቪ ምርመራ ቢያዝዝ አይቆጡ፤ ምክንያት አለው።

ፈንገሱ ወደ ደም ገብቶ ሊገድለኝ ይችላል?

ጤነኛ ከሆኑ፣ አይችልም። ዴርማቶፋይት የሚኖረው ኬራቲን ባለበት ነው፤ ደም ውስጥ ኬራቲን የለም። የሰውነት የውስጥ ሙቀትም አይስማማውም። "የጥፍር ፈንገስ ሳንባ ገባ፣ ጉበት በላ" የሚሉ ወሬዎችን እርሷቸው።

የተለየው ሁኔታ ነጭ የደም ሴላቸው እጅግ የወረደ ሕሙማን ናቸው፤ ለምሳሌ ጠንካራ የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ወይም የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው። በነዚህ ላይ ፉሳሪየም የሚባለው ሻጋታ ከተጎዳ ጥፍር ተነስቶ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ በእርግጥ ገዳይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕክምና ሊጀምሩ ከሆነ ካልሲዎን አውልቀው ጣትዎን ለሐኪሙ ያሳዩ። ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ወደ ካንሰር ይቀየራል?

አይቀየርም። ፈንገስ ካንሰር አይሆንም። አደጋው ካንሰርን ፈንገስ ወይም ምት ነው ብሎ ማለፍ ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ከጥፍር ሥር ሊወጣ ይችላል። ቦብ ማርሊን ያስታውሱ፤ በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ነገር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች በብዙ ጥፍሮች ላይ ቡናማ ቀጫጭን መስመሮች መታየታቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። የሚያስጠረጥረው ሌላ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመር። ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ዙሪያው ያለውን ቆዳ ከነካ። ሳይመታ የሚደማ ወይም የሚሰነጠቅ ጥፍር። ምት ያመጣው የደም መቋጠር ከጥፍሩ ጋር እያደገ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ ሜላኖማ ግን ቦታውን አይለቅም። ጥርጣሬ ካለ የፈንገስ ቅባት እየቀቡ ወራት አያባክኑ።

ጥፍሬ አረንጓዴ ሆነ። ፈንገሱ ብሶበት ነው?

ሌላ እንግዳ ገብቶ ነው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ በተላቀቀ ጥፍርና በሥጋው መካከል ባለው እርጥብ ክፍተት ውስጥ ይራባል፤ አረንጓዴ ቀለም ያመነጫል። የፈንገስ መድኃኒት እሱን አይነካውም። የተላቀቀው ጥፍር ይቆረጣል፣ ቦታው እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ሐኪሙ ለባክቴሪያው የሚሆን ጠብታ ይሰጣል።

በጥፍር ቀለም ወይም በጄል ብሸፍነውስ?

ለአንድ ሠርግ ቢቀቡት ዓለም አትገለበጥም። ሁልጊዜ መሸፈን ግን ሁለት ጉዳት አለው። እርጥበቱ ከሥር ይታፈናል፤ ያ ለፈንገስ ድግስ ነው። ደግሞ የሚባባሰውን ነገር ራስዎም አያዩትም። ጄል ሲነሳ የጥፍሩን ፊት ይልጠዋል፤ አርቴፊሻል ጥፍር ደግሞ ክፍተት ይፈጥራል።

የታመመ ጥፍር የነካ ብሩሽ ተመልሶ ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚገባ ቀለሙን ለሌላ ጣት አይጠቀሙበት፤ ለሌላ ሰውም አይስጡ። ፔዲኪዩር የሚሠሩ ከሆነ የራስዎን ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

ኮምጣጤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በረኪና... ይሠራሉ?

ኮምጣጤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የፈንገስን እድገት ሊገታ ይችላል። ችግሩ ጥፍር ወፍራም ግድግዳ መሆኑ ነው፤ ኮምጣጤው ፈንገሱ ወዳለበት አይደርስም። የላይኛውን ያጸዳል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ የታከመ ይመስላል። ከሥር ያለው ኑሮውን ይቀጥላል።

የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ አስሮ ማደር ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል። በረኪና ደግሞ ከናካቴው መሞከር የለበትም። የደነዘዘ እግር ላይ ሲሆን ሁለቱም እጥፍ አደገኛ ናቸው፤ ሲቃጠል አይሰማማ!

ላቦራቶሪ ሳልመረመር መድኃኒት ብጀምር ምን አለበት?

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ቁጥር አሁን ይመጣል። ከተበላሹት ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ፈንገስ ካልሆኑ፣ በዓይን ብቻ አይቶ መድኃኒት መጀመር ሳንቲም ወደ ላይ እንደመወርወር ነው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ለወራት የፈንገስ ክኒን ሲውጥ ይከርማል፤ ጥፍሩም ንቅንቅ አይልም።

ምርመራው ቀላል ነው። ጥፍሩ ይቆረጣል፤ ከሥሩ ያለው ዱቄት ይፋቃል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል። ፈንገሱን አሳድጎ ዓይነቱን መለየት ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከ 4 ሳምንት። የፈንገስ ቅባት ወይም ክኒን እየወሰዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ፈንገሱ እያለ ውጤቱ "የለም" ብሎ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ "የለም" ማለትም ሁልጊዜ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ናሙናው ከትክክለኛው ቦታ ካልተነሳ ይሳሳታል።

መድኃኒቱ ጉበት ይጎዳል ይባላል። ከበሽታው አይብስም?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ኬቶኮናዞል የሚባል የሚዋጥ ክኒን ነበር። ጉበት ስለሚጎዳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀ። ለጥፍር ብሎ የታዘዘለት አንድ ሕመምተኛ በጉበት ጉዳት መሞቱ ሪፖርት ከተደረገ በኋላ በ2016 ማስጠንቀቂያውን ደገመ። ዛሬ ለጥፍርዎ የኬቶኮናዞል ክኒን ከተሰጠዎ "ሌላ የለም ወይ?" ብለው ይጠይቁ።

አሁን በብዛት የሚታዘዘው ተርቢናፊን ነው። የተለመደው መጠን በቀን 250 ሚሊ ግራም ነው፤ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር 12 ሳምንት። እሱም ጉበትን ሊነካ ይችላል፤ ከባድ ጉዳት ግን ብርቅ ነው። የጉበት በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ስለዚህ ከመጀመር በፊት የደም ምርመራ ይታዘዛል። አንዳንድ ሰው ደግሞ የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። ኢትራኮናዞል የሚባለው ሌላው አማራጭ ልብ ድካም ላለበት አይሆንም፤ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። የሚውጡትን ሁሉ ለሐኪሙ ይቁጠሩለት።

ክኒን እየወሰዱ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ሰውነትዎን ካሳከከዎ ወይም የምግብ ፍላጎትዎ ድንገት ከጠፋ መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው ይሂዱ። ክኒን ጨርሶ የማይሆንላቸው ሰዎች እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀቡ መድኃኒቶች አሏቸው፤ አሞሮልፊን ወይም ሳይክሎፒሮክስ። እነዚህ ጉበት አይነኩም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃሉ፤ እስከ አንድ ዓመት መቀባት አለ።

ነፍሰ ጡር ነኝ። ልታከም ወይስ ልጠብቅ?

የጥፍር ፈንገስ ፅንሱን አይጎዳም። ስለዚህ የሚዋጠውን መድኃኒት ከወሊድ በኋላ ማቆየት የተለመደ ነው፤ የሚያጠቡም ከሆነ ይንገሩ። እስከዚያው እግርን ማድረቅና ጥፍርን አጭር ማድረግ ይበቃል። ስኳር ካለብዎት ግን ከላይ የተባለው የእግር ቁጥጥር ለእርስዎም ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ዋጥኩ፣ ጥፍሬ ያው ነው። አልሠራም ማለት ነው?

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ ፈንገሱን ይገድላል፤ የተበላሸውን ጥፍር ግን አይጠግንም። የተበላሸው አድጎ፣ ተቆርጦ ማለቅ አለበት። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በሦስተኛው ወር ጫፉን አይዩ። ሥሩን ይዩ።

ከቆዳው በኩል ጥርት ያለ፣ ሮዝ የመሰለ ቀጭን ጨረቃ ብቅ ብሏል? እየሠራ ነው። እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ጤነኛውና የታመመው በሚገናኙበት ድንበር ላይ በጥፍር ሞረድ ትንሽ ጭረት አደረግሁ፤ በየወሩ መጀመሪያ ፎቶ አነሳሁ። በየቀኑ ሲያዩት የማይንቀሳቀስ የሚመስለው ነገር ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ ይታያል። ቢጫው ጭረቱን አልፎ ወደ ሥር ከተመለሰ ግን መድኃኒቱ አልያዘውም፤ ተመልሰው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጥፍሩን ነቅዬ ብገላገልስ?

ራስዎ? በፍጹም። ሐኪም ጋም ቢሆን መንቀል ብቻውን አያድንም፤ ፈንገሱ ከሥር ባለው ሥጋና በዙሪያው ስለሚቀር አዲሱ ጥፍር ሲመጣ ይጠብቀዋል። በጣም የወፈረ ጥፍርን 40 በመቶ ዩሪያ ባለው ቅባት አለስልሶ ማሳሳት ይቻላል፤ መድኃኒቱም በቀላሉ ይገባል። በራሱ ከወደቀ ቦታውን በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት።

ድኜ ነበር፣ ተመለሰብኝ። የት ነው የተሳሳትኩት?

ምናልባት የትም አልተሳሳቱም። ከታከሙት ከ4 ወይም ከ5 ሰው አንዱ ላይ ይመለሳል። ግን መጀመሪያ ጫማዎን ይጠርጥሩ። ጥፍሩ ታክሞ ጫማው አልታከመም። ያንኑ ጫማ በየቀኑ ካደረጉት አይደርቅም፤ ሁለት ጫማ ማፈራረቅ ብዙ ይረዳል። ካልሲ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ። በጣቶች መሃል ሲያሳክክ የፈንገስ ቅባት በጊዜ ይቀቡ፤ ጥፍሩን መልሶ የሚይዘው ከዚያ የሚነሳው ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለበትም አብሮ ይታከም።

አባቴ 80 ዓመታቸው ነው። "ተዉኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለጥፍር መድኃኒት አልውጥም" ይላሉ። ልተዋቸው?

ስኳር ከሌለባቸው፣ የእግራቸው ደም ዝውውር ደህና ከሆነ፣ ካላመማቸው፣ አባትዎ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ዕድሜ ብዙ መድኃኒት ስለሚወሰድ አንድ መጨመር የሚያመጣው ጣጣ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። የቆዳ ሐኪሞችም አንዳንዴ "አናክመው" ይላሉ። አለማከም ግን አለማየት አይደለም። ጥፍሩ በየሁለት ወሩ አካባቢ በባለሙያ ይሳሳ፣ ይቆረጥ። እግራቸውን ሲያጥቡ ወይም ካልሲ ሲያወልቁ አጠገባቸው ይሁኑ፤ ቅላት፣ ቁስል፣ ሽታ ካለ ይዩ።

አረማመዳቸውንም ይመልከቱ። ጣቱ የሚያመው ሽማግሌ አያማርርም፤ እግሩን ዘወር አድርጎ ይረግጣል፣ ተረከዙ ላይ ይደገፋል። ሰው በዚያ ዕድሜ የሚወድቀው እንዲህ ሲረግጥ ነው፤ የወደቀ ደግሞ ዳሌው ሊሰበር ይችላል። አረማመዳቸው ከተለወጠ "ተዉኝ" ያሉትን እንደገና መነጋገር አለባችሁ። እስከዚያው ፊቱ ሰፋ ያለ፣ ጣት የማይነካ ጫማ ይግዙላቸው።